የሱስ አማካሪነት ዲግሪ፦ ኮሌጅ ከመምረጥዎ በፊት ፈቃዱን ይዩ

በአሜሪካ የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ አማካሪ ለመሆን የሚያስብ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ከመነሻው፣ የኮሌጅ ማስታወቂያ አይቶ ሲመዘገብ ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በየራሱ ሕግ ስለሆነ፣ አስቀድሞ መነበብ ያለበት የፈቃድ ሰጪው ቦርድ መስፈርት ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ሚኒሶታን እንይ።

በሚኒሶታ መደበኛው መንገድ ማንኛውንም የባችለር ዲግሪ፣ በሱስ ምክር ላይ 18 የሰሚስተር ክሬዲት ወይም 270 ሰዓት ትምህርት፣ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ 880 ሰዓት የተግባር ልምምድ እና ፈተና ይጠይቃል። ዲግሪው ራሱ የግድ በሱስ ምክር መሆን ስለሌለበት፣ ከኢትዮጵያ በሌላ ሙያ ተመርቀው የመጡ ከሆነ እንደገና አራት ዓመት ለመማር አይቸኩሉ፤ ትራንስክሪፕትዎን አስገምግመው፣ የጎደሉዎትን ኮርሶች ብቻ መውሰድ ይበቃ እንደሆነ ቦርዱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከመጀመሪያው ለሚነሣ ሰው ሚኒያፖሊስ ኮሌጅ ጀምሮ፣ በዘርፉ ባችለር ወደሚሰጠው ሜትሮፖሊታን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መሻገር ወጪ ይቀንሳል።

ተማሪውን የሚፈትነው ግን ልምምዱ ነው። 880 ሰዓት በሳምንት 20 ሰዓት ቢሠራ 44 ሳምንት፣ ሙሉ ጊዜ ቢሠራ 22 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም፣ የሚሠራውም በአብዛኛው ቀን ነው። የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ በማግስቱ ታካሚ ፊት መቀመጥ ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ኮሌጁ የልምምድ ቦታ ራሱ ያገኝልዎ እንደሆነ፣ ወይስ ፍለጋው የእርስዎ ዕዳ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

ክፍል ውስጥ ቅበላን፣ ግምገማን፣ የሕክምና ዕቅድንና የመዝገብ አያያዝን ይማራሉ። ለእኛ ማኅበረሰብ ከሁሉ የሚከብደው የሚስጥር ጥበቃ ይመስለኛል። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት፣ ታካሚው በጽሑፍ ካልፈቀደ ወይም ደንቡ ራሱ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር፣ ሕክምና ላይ መሆኑን እንኳ ማረጋገጥ አይቻልም። የታካሚው አጎት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውዎ «ልጃችን እንዴት ነው?» ቢሉ፣ «ደኅና ነው» ማለት ራሱ ደንቡን መጣስ ነው፤ ዝምታዎም እንደ ኩራት ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ግምገማም ሲማሩ የመጠይቁን ቃል በአማርኛ እንዴት እንደሚሉት አብረው ያስቡ። «ሱስ አለብዎት?» የተባለ ሰው «የቡና ብቻ» ብሎ በፈገግታ ሊያልፍ ይችላል፤ ያው ሰው በሳምንት ስንት ቀን በርጫ እንደሚቀመጥ፣ ከዚያም ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ምን ያህል እንደሚጠጣ ለይተው ቢጠይቁት ግን ይነግርዎታል። ጫቱና መጠጡ የተያያዙ ናቸውና በአንድ ዕቅድ ውስጥ ይጻፉ፤ የልምምድ ኃላፊዎ ጫትን የማያውቁ ከሆነም አስቀድመው ያስረዷቸው።