ለስራ ትንሽዬ ላፕቶፕ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀመጡ

መጀመሪያ ስለ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) አታስቡ። ስለ ትከሻችሁ አስቡ። ጠዋት ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ ተጠጋግታችሁ፣ ቦርሳውን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ነው የምትሄዱት። ባለ 15.6 ኢንቹ ሱቅ ውስጥ ያምራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እቤት ትታችሁት መውጣት ትጀምራላችሁ። ይዞት ለሚዞር ሰው 13.3 ወይም 14 ኢንች፣ ክብደቱ ከ1.5 ኪሎ ያልበለጠ ይበቃል። ከዚያ ያነሰ ስክሪን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ለሚውል ዓይን አይመከርም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? እዚህ ላይ አዳላለሁ፤ ያገለገለ። ብዙ ብር ከሌላችሁ በእጃችሁ የሚገባው አዲስ ላፕቶፕ ሴለሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር፣ 4 ጂቢ ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 64 ጂቢ ማከማቻ ያለው ፕላስቲክ ነው። ማሸጊያው ሲቀደድ ደስ ይላል፣ ክሮም ላይ አምስት ታብ ስትከፍቱ ደስታው ያልቃል። በዚያው ብር አካባቢ ውጭ አገር ቢሮዎች ተጠቅመው የሸጧቸውን የኤችፒ ኤሊትቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ወይም የዴል ላቲቲዩድ ፈልጉ። ለስራ ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ ማጠፊያቸው አይላላም፣ ኪቦርዳቸውም ጣት አያደክምም።

ስለ ኢንቴል ፕሮሰሰሩ «ኮር አይ 5 ነው» የሚል ሻጭ ገና ምንም አልነገራችሁም። ዋናው ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። 7300 ከሆነ 7ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)፣ 8350 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ነው። ይህን ያህል የማከርረው ለምን መሰላችሁ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው። ሻጩ «11 ጭኜበታለሁ እኮ» ሊላችሁ ይችላል። እውነቱን ነው፣ በጓሮ በር ይጫናል፤ በኋላ ትልቁ አፕዴት ሲመጣ ግን የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ። ኤሊትቡክ 830 ጂ5ን ብቻ ብናይ በ7ኛም በ8ኛም ጄኔሬሽን ወጥቷል፣ ከውጭ ስታዩት አንድ ነው። ስለዚህ ክዳኑ ላይ ያለውን ስም አትመኑ፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ።

ራም 8 ጂቢ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው፣ 16 ካገኛችሁ አትከራከሩ። ሲገዙ 8 ወስዶ በኋላ መጨመር ይቻላል የሚባለው ለሁሉም አይሠራም። ቲንክፓድ ኤክስ280 ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ የገዛችሁት ራም እስከ መጨረሻው ያው ነው። 830 ጂ5 ግን ሁለት መሰኪያ አለው። ማከማቻው ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው) ይሁን፣ 256 ጂቢ ለቢሮ ስራ ይበቃል።

አሁን ሱቅ ገብታችኋል እንበል። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉት። ሻጭ ሁልጊዜ ሰክቶ ነው የሚያሳያችሁ፤ እናንተ ነቅላችሁ ዩቲዩብ ክፈቱበትና ከሰውዬው ጋር ስለ ዋጋ አውሩ። በሃያ ደቂቃ ከ100 ወደ 70 ከወረደ ነገሩ ገብቷችኋል። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) የሚችል ጓደኛ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አንዱ ባትሪው አዲስ እያለ ይይዝ የነበረው፣ ሌላው ዛሬ የሚይዘው። 50,000 የነበረው 27,000 ከሆነ ግማሽ ባትሪ ነው የምትገዙት፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ ወይ ባትሪው ይቀየር። መብራት እንደሚጠፋ እኔ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ! በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፤ ላፕቶፕ የሚችል ባለ 65 ዋት ፓወር ባንክ ይዞ መብራት እስኪመጣ መሥራት ይቻላል።

ኪቦርዱን እያንዳንዷን ፊደል ጻፉበት። ከጀርመን የመጣ ከሆነ ዋይ እና ዜድ ቦታ ተቀያይረው ታትመዋል። በድምፅ አማርኛ የምትጽፉ ሰዎች፣ «ያዘ» ልትሉ ቁልፉን እያያችሁ ከመታችሁ «ዛየ» ይወጣላችኋል። የፈረንሳዩ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኪቦርድ ሳላይ እጽፋለሁ ካላችሁ ችግር የለም፣ እንዲያውም ዋጋ ማስቀነሻ ይሆናችኋል። ስክሪኑንም ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ከጎን እዩት፤ ከለሩ ከተቀየረ ወይም የምስል ጥራቱ (ሪዞሉሽኑ) 1366 በ768 ከሆነ ተዉት።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያቃጥለውን እኔ በራሴ ላይ አይቻለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ሱቅ (ስሙ ይቅር) አሪፍ ላቲቲዩድ ገዛሁ። አሥር ደቂቃ አይቼ፣ ብሩን በቴሌብር ልኬ፣ እየተደሰትኩ ወጣሁ። ማታ ከዜሮ ላስጀምረው ብዬ ሪሴት አደረግኩት፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኘሁት፣ ስክሪኑ ላይ የማላውቀው የውጭ ድርጅት ስም መጣ፤ «የስራ ኢሜይልህን አስገባ» ይላል። ኮምፒውተሩ አሁንም የድርጅቱ ሲስተም ላይ ተመዝግቧል ማለት ነው። በማግስቱ ስመለስ ሻጩ «ሶፍትዌር ነው ወንድሜ፣ እናስተካክለዋለን» አለኝ። አስተካከለውም፣ እስከሚቀጥለው ሪሴት ድረስ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሪሴት ይደረግ፣ በስልካችሁ ሆትስፖት አገናኙት፣ የማንም ድርጅት ስም ሳይመጣ ዴስክቶፑ ላይ መድረሱን እዩ። አንድ ሰዓት ተቀመጡ ያልኩት ለዚህ ነው። ባዮሱም (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) በፓስወርድ እንዳልተቆለፈ አስከፍታችሁ እዩ። ማክቡክ ከሆነ ደግሞ የድሮው ባለቤት አካውንት ከውስጡ መውጣቱን ሳታረጋግጡ ብር አትላኩ።

ዋጋ አልጽፍላችሁም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ የዛሬ ወር የሰማችሁት ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ቴሌግራም ላይ ያለውንም እዩ፣ ከዚያ ተከራከሩ። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ስትባሉ 15 በመቶ ቫቷን ለማምለጥ ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን ዋስትና የሚባለውን ነገር ያለ ወረቀት የምትጠይቁት በምን አፍ ነው? ሲሪያል ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ ዋስትናው ባትሪና ቻርጀር ይጨምር እንደሆነም ይጻፍ።

ሲሪያሉ የሚፈለገው ለዋስትና ብቻ አይደለም። ብዙ ህንፃ ስትገቡ ጥበቃው «ላፕቶፕ አለ?» ብሎ ደብተር ያወጣል፣ ስትወጡም ያመሳክራል። ያገለገለ ላፕቶፕ ሆድ ላይ ያለችው ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተፍቃ አልቃለች። የኔ ስለማይነበብ ባዮስ ውስጥ ያለውን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ጋሼ ጥበቃው ጠዋት ጠዋት መነጽራቸውን አውጥተው ከስልኬ ላይ ይገለብጣሉ።