1ቲ-ታንታለም ዳይሰልፋይድን በአራት ሽቦ መለካት፦ አዳማ ላይ ከድስት ውሃ እስከ ፈሳሽ ናይትሮጅን

የቻርጅ እፍጋት ሞገድን (የኤሌክትሮኖች እፍጋት በክሪስታል ውስጥ እየተደጋገመ ከፍ ዝቅ ማለትን) ለማየት ውድ ማቀዝቀዣ የግድ አይደለም። የ1ቲ-ታንታለም ዳይሰልፋይድ፣ የዚህ ድርብርብ ክሪስታል፣ አንደኛው ሽግግር (ሞገዱ ተቀይሮ ሬዚስታንሱ የሚዘልበት ሙቀት) 350 ኬልቪን አካባቢ (77 ዲግሪ ሴልሺየስ) ነው። ሁለተኛው ሲቀዘቅዝ 180፣ ሲሞቅ 220 ኬልቪን ገደማ ይመጣል። ለመጀመሪያው ድስት ውሃ ይበቃል፤ በአዳማ ከፍታ ውሃ 95 ዲግሪ ግድም ቢፈላም ከ77 በላይ ነውና። ናሙናው በደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሆኖ ይጠልቃል።

3 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ምረጡ። ገጹን በስኮች ልጡና ወዲያው አራት ቀጫጭን ሽቦዎች በብር ፔስት ለጥፉ፦ የዳሮቹ ለከረንት፣ የመሃሎቹ 2 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ለቮልቴጅ። በሊድ መበየድ አይሞከርም፤ ሙቀቱ የክሪስታሉን አደራደር ይቀይራል። ሬዚስታንሱ 0.4 ኦም ያህል ስለሆነ 5 ሚሊ አምፒር 2 ሚሊ ቮልት ይሰጣል፤ ማይክሮ ቮልት የማይለይ መልቲሜትር እዚህ አይረዳም። በየነጥቡ ከረንቱን ገልብጡና የልዩነቱን ግማሽ ውሰዱ፤ ከሙቀት ልዩነት የሚመጣው ትርፍ ቮልቴጅ ይጣፋል።

ብዙ ልኬት የሚበላሸው ክሪስታሉ መስታወት ላይ በኢፖክሲ ሲጣበቅ ነው። ሁለቱ ሲቀዘቅዙ እኩል አይኮማተሩም፤ ውጥረቱ ሽግግሩን ያዛባዋል። በአንድ ጫፉ ብቻ፣ በጥቂት ቅባት፣ ስስ ወረቀት ላይ ይቀመጥ።

ለሁለተኛው ሽግግር ፈሳሽ ናይትሮጅን (ለከብት ማዳቀያ የሚያገለግለው ያው ነው) በፎም ዕቃ ቅዱና ናሙናውን በእንፋሎቱ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አውርዱ። መስኮት ይከፈት፤ ናይትሮጅን ኦክስጅንን ያባርራል። ናሙናው አጠገብ ያለ ፒቲ100 (ሬዚስታንሱ ሙቀትን የሚነግር የፕላቲነም መለኪያ) በ220 ኬልቪን 79፣ በ180 ኬልቪን 63፣ ፈሳሹ ውስጥ 20 ኦም ያሳያል። በደቂቃ ከ2 ኬልቪን አትለፉ። ከፈጠናችሁ መለኪያው ወደ ኋላ ይቀርና የመውረጃና የመውጫው መስመር ያለ ምክንያት ይለያያል። በግማሽ ፍጥነት ድገሙት፦ እውነተኛው ክፍተት አይጠብም፣ የውሸቱ ይጠባል። በክረምት ናሙናው እስኪሞቅ ቱቦው አይከፈት፤ ጤዛ ይይዘዋል።

220 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም። ፌሮማግኔት (ሲቀዘቅዝ በራሱ መግነጢሳዊ የሚሆን) የሆነው ብረት ጀርማኒየም ቴሉራይድም በዚያው 220 ኬልቪን ግድም ይለወጣል። እሱ ግን የሬዚስታንሱ መስመር ይታጠፋል እንጂ አይዘልም፣ ሲወርድና ሲወጣም አንድ ነው። ከተጠራጠራችሁ በክሪስታሉ ወርድ ሁለት ሽቦ ጨምሩና የጠንካራ ማግኔትን ዋልታ ፊት ለፊት ወደ ገጹ አቅርቡ፣ መስኩ ገጹን ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ። ማግኔቱን ስትገለብጡ የወርዱ ቮልቴጅ ምልክቱን መቀየሩ ብቻውን አይበቃም፤ ማግኔት ያልሆነ አስተላላፊም ይህን ያሳያል። ከ220 በታች ሲገባ ቮልቴጁ በጣም ካደገና መስኩ ሲጠነክር ማደጉን ካቆመ ግን መግነጢሳዊ ሥርዓት ነው።