ረቂቅ አዋጅን ከአዳማ ሆኖ እስከ ነጋሪት ጋዜጣ መከታተል

መጀመሪያ የሚጣራው ሕጉን የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ነው። ስለ ጉምሩክ፣ ስለ ባንክ ወይም ስለ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከሆነ ጉዳዩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የክልል ቢሮዎችን ሥልጣን ወይም የከተሞችን አደረጃጀት የሚመለከት ከሆነ የጨፌ ኦሮሚያ (የክልሉ ምክር ቤት) ነው፤ የጨፌው ጉባኤ ደግሞ እዚሁ አዳማ ሲካሄድ ቆይቷል። ሁለቱንም የሚነካም አለ። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 የፌዴራል ነው፤ በዝርዝር የሚያስፈጽመው ግን የክልሉ ሕግ ስለሆነ አንዱን ብቻ አንብቦ መተው አያዋጣም።

ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው «ጸደቀ» በሚል ዜና ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአዋጅ ረቂቅ ላይ ተወያይቶ ሲጨርስ የሚያደርገው ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መላክ ነው። በዚያ ቀን ሕግ የለም። ዜናው ውስጥ «እንዲመራ ወሰነ» የሚል ካለ ገና መነሻው ላይ ነዎት። ደንብ ሲሆን ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ራሱ ያጸድቀዋል፤ ስለዚህ አዋጅ ነው ወይስ ደንብ ብለው ይጠይቁ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባውን ባብዛኛው ማክሰኞና ሐሙስ ያደርጋል። የሥራ ዘመኑ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ረቂቁ በመጀመሪያ ንባብ ቀርቦ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። የኮሚቴውን ስም ይመዝግቡ፤ ከዚህ በኋላ የሚፈልጉት እሱን ነው። አስተያየት ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ድምፅ ከተሰጠ በኋላ የሚጻፍ አቤቱታ ለማኅደር ነው። አንዳንድ ረቂቅ በቀረበበት ዕለት ይጸድቃል፤ እንዲህ ሲሆን የሚደርሱበት ክፍተት የለም።

ለኮሚቴው የሚላክ ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይለፍ። «አዋጁ ነጋዴውን ይጎዳል» የሚል ደብዳቤ ለማንም ሥራ አይፈጥርም። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «አንቀጽ 12 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ‹በ10 ቀናት› የሚለው ‹በ30 የሥራ ቀናት› ተብሎ ይስተካከል፤ ምክንያቱም ሰነዱ ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ነው።» አንቀጽ፣ ምትክ ቃል፣ ምክንያት፣ በቃ። ከዚያ በፊት ግን በእጅዎ ያለው ረቂቅ የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። በቴሌግራም የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ከሚኒስቴር የወጣ የቀድሞ ቅጂ ነው፤ ኮሚቴው አንድ አንቀጽ ሲያወጣ ከሱ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ይንሸራተታል። አስተያየትዎ ስለ ሌላ አንቀጽ ሆኖ ይነበባል ማለት ነው።

ኮሚቴው ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ሲያቀርብ ምክር ቤቱ ድምፅ ይሰጣል። ዜናው የሚነግርዎ የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ቁጥር ነው፤ የአዳማ ተመራጭ እጁን ለየትኛው እንዳወጣ ከዚያ አያገኙም፤ ራሱን መጠየቅ ነው።

የጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይቀርባል፤ በ15 ቀናት ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል። በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙ ግን ሊዘገይ ይችላል። ቁጥሩ ዓመቱን ይዞ ይመጣል፦ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ 1341/2016 ሲሆን የተካው 285/1994ን ነው። ጋዜጣው ሲደርስዎ ከመጨረሻው አንቀጽ ይጀምሩ፤ «የሚጸናበት ጊዜ» ከኅትመቱ ዕለት ሊል ይችላል፣ ሌላ ቀንም ሊጠቅስ ይችላል። ከፍ ብሎ «የተሻሩ ሕጎች» እና «የመሸጋገሪያ ድንጋጌ» አሉ፤ የተጀመረ ማመልከቻ በአሮጌው ይለቅ ወይስ በአዲሱ የሚለው መልስ እዚያ ነው።

«ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚል ሐረግ ካዩ ክትትልዎ አላለቀም። የፌዴራል መመሪያ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር መመዝገብ አለበት፤ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ መመሪያ ጠቅሶ ሲመልስዎ የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቁት። የጨፌው አዋጅ ደግሞ የሚታተመው በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ በመገለተ ኦሮሚያ ነው፤ በነጋሪት ጋዜጣ ሲፈልጉት አይዋሉ።