የመኪና ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤሲው ሙቅ አየር ነፋ። ጋራዥ ሲደርሱ ኮፈኑ እንኳ ሳይከፈት «ጋዝ ጨርሷል» ይባላሉ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን የጋዝ ማነስ ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም።

ጋዙን እንደ ቤንዚን ማየት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጋዙ አይቃጠልም፣ ዝግ በሆነ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ። በብዙ ዓመት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከጠፋ ግን የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ሳይደፈን መሙላት ብር መበተን ነው። ጋዙ ሲወጣ ደግሞ የኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚገፋውን ፓምፕ) ዘይት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ወጪው ከጋዝ ወደ ኮምፕሬሰር ያድጋል።

ፍለጋውን በዓይን ይጀምሩ። የቱቦ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካዩ ጥሩ ፍንጭ ነው። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚጥለውን ኮንዴንሰር ይዩ፤ የመንገድ ጠጠር የሚመታው እሱን ነው። የጋዝ መሙያዋን ክዳን ከፍተው የሳሙና አረፋ ያድርጉባት፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። ወደ ውስጥ የሚነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ዳሽቦርድ ውስጥ ስለተደበቀ መመርመሪያ መሣሪያ ወይም ጋዙ የሚወጣበትን የሚያሳይ ቀለም ይፈልጋል።

ሲሞላም በግምት አይሁን። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና ግራም ይናገራል። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ከግማሽ ኪሎ በታች ነው የሚይዙት። ሚዛን የሌለው ሰው «ትንሽ ልጨምርበት» ሲል ያስቁሙት፤ ጋዝ ሲበዛም ቅዝቃዜው ይቀንሳል።

በሰማያዊው ጌጅ ብቻ መፍረድ

ጋዝ ሠሪው የሚሰካው የግፊት ጌጅ ሁለት ነው፤ ሰማያዊው ዝቅተኛውን ግፊት፣ ቀዩ ከፍተኛውን ያሳያል። ሁለቱን አንድ ላይ ያንብቡ። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል ብለው ይጠርጥሩ። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ካለ ኮምፕሬሰሩ እየገፋ አይደለም። ሁለቱም ከፍ ካሉ ኮንዴንሰሩ ሙቀቱን አልጣለም፣ ጋዝ በዝቷል ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። ሞተር ጠፍቶ የሚታየው ቁጥር ግን መስመሩ ባዶ ነው አይደለም ከማለት ብዙም አያልፍም።

እግረ መንገዴን፦ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ቪዲዮዎች ጋዝ ከመሞላቱ በፊት የመስመሩ አየር በፓምፕ ሲሳብ ጌጁ 29 ኢንች (የሜርኩሪ) ገደማ ይድረስ ይላሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል እዚህ ጣሪያው ወደ 22 ተኩል ነው። ደህናውን ፓምፕ አይውቀሱ።

ነፋሱን መርሳት

ኤሲው ሲነዱ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆሙ ይሞቃል? መጀመሪያ የራዲያተር ፋኑን ይዩ። በሚኒሞ ላይ ኤሲ ሲበራ መዞር አለበት። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ግን ደካማ ከሆነ ደግሞ የኤሲ ፊልተሩን ያውጡ። በብዙ መኪኖች ከጋቢና ተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ኋላ ነው የሚገኘው፤ በአቧራ ተደፍኖ ቢያገኙት አይገረሙ።

ኮምፕሬሰሩን በቀጥታ ሽቦ ማስነሳት

ኮምፕሬሰሩ ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌዩንና የግፊት ሴንሰሩን ማየት ይቀድማል። ሴንሰሩ ጋዝ ሲያንስ የሚያቆመው ሊጠብቀው ነው። በቀጥታ ሽቦ ሲያስነሱት ያለ ዘይት በደረቁ ሊሠራ ይችላል። ተሰባብሮ ብረት ከረጨ ደግሞ አዲስ መግጠም ብቻ አይበቃም፤ መስመሩ ይታጠባል፣ እርጥበት የሚመጥጠው ማድረቂያ ይቀየራል፣ ኮንዴንሰሩም ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ሞክሮ መረከብ

በዚያ ብርድ ደካማ ኤሲም ደህና ይመስላል። አዳማ ወይም አዋሽ ሲወርዱ ነው የሚጋለጠው። እኩለ ቀን ላይ፣ መኪናው ቆሞ፣ አየር መውጫው ላይ ቴርሞሜትር ሰክተው ይሞክሩ።

የኤሌክትሪክ መኪናን እንደ ሌላው መንካት

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ጉዳይ ከብዷል። የእነዚህ መኪኖች ኮምፕሬሰር ቺንጋ የለውም፤ ከትልቁ ባትሪ በብርቱካናማ ሽቦ ነው የሚሠራው። ያ ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል። በብዙዎቹ ላይ ኤሲው ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። የኮምፕሬሰሩ ዘይትም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት ነው፤ የተለመደው ከተቀላቀለ መኪናው የኢንሱሌሽን ጥፋት (ኤሌክትሪክ እየሾለከ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ) አንብቦ አልነሳም ሊል ይችላል። ስለዚህ ጋራዡን ቀድመው የትኛውን ዘይት እንደሚጠቀም ይጠይቁ። «ዘይት ዘይት ነው» ካለዎት ቁልፍዎን ይዘው ይውጡ።