ፌዛንትና ድርጭት ለምን ተመናመኑ? ሊወገዱ የሚገቡ የተለመዱ ስህተቶች

ጥቅምት ሲገባ በአሜሪካ ግዛቶች በአዮዋ፣ በሚኒሶታና በደቡብ ዳኮታ አዳኞች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ ውሻ አስቀድመው ሣሩን ያስሳሉ። የሚፈልጉት ፌዛንትን ነው፤ ከእስያ የመጣ፣ ጭራው የረዘመ፣ የቆቅ ዘመድ። ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ፌዛንቱም ድርጭቱም አዳኙም አንሷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጡት መልሶች ብዙዎቹ ልክ አይደሉም።

ጥፋቱን ጠመንጃ ላይ መጫን። በእነዚህ ግዛቶች ሴቷን ፌዛንት መግደል ክልክል ነው። አንድ አውራ ብዙ ሴቶችን ስለሚሰርር፣ ከወንዶቹ አብዛኞቹ ቢታደኑም የሚቀጥለው ዓመት ጫጩት አይጓደልም። የሚያጓድለው እናቲቱ የምትታቀፍበት ሣር ማጣት ነው።

ሣሩ ሁልጊዜ ይኖራል ብሎ ማሰብ። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይሄ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው የእርሻ ሕግ የተቋቋመው የኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም (ሲአርፒ) ለሚሸረሸር መሬት ለገበሬው በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ገበሬው በምትኩ እህል መዝራቱን ትቶ ሣር ያለብሰዋል። በእኛ አገር ተራራ ከንክኪ ነፃ እንደሚደረገው ነው፤ ልዩነቱ ኪራዩና የጊዜ ገደቡ ነው፦ ውሉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ብቻ ይቆያል። በ2007 ወደ 36.8 ሚሊዮን ኤከር (15 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ) መሬት በፕሮግራሙ ታቅፎ ነበር። ከዚያ ከበቆሎ ነዳጅ መሥራት ተስፋፋ፣ በ2012 ድርቅ ሲጨመርበት የአንድ ቡሼል (25 ኪሎ ገደማ) በቆሎ ዋጋ ከ8 ዶላር አለፈ። ውሉ ያበቃለት ገበሬ ኪራዩን ከበቆሎው ጋር አወዳድሮ ሣሩን አረሰው። ማን ይፈርድበታል? የ2014ቱ ሕግ ደግሞ ጣሪያውን ወደ 24 ሚሊዮን ኤከር አወረደው። ስለዚህ የወፉን ዕጣ ማወቅ የፈለገ የበቆሎ ገበያንና ዋሽንግተን የሚያጸድቀውን የእርሻ ሕግ ይከታተል።

አረንጓዴ ሁሉ መኖሪያ ነው ማለት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው መሬት ፌስኪውና ብሮም በሚባሉ መጤ ሣሮች ተሸፈነ። አፈሩን ያዙት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ድርጭት ግን አልወደዳቸውም። ከእንቁላሉ የወጣ የድርጭት ጫጩት የአውራ ጣት ጫፍ ቢያክል ነው፤ እንደ ምንጣፍ በተደፈነ ሣር ውስጥ መንቀሳቀስ አይችልም። የሚስማማው እንደ ነዶ በየቦታው ተሰብስቦ የሚበቅል አገር በቀል ሣር ነው፤ በመካከሉ ባዶ መሬት አለ፣ ከላይ ደግሞ ጥላና ከለላ። አበባና የጥራጥሬ ዘር ተክል ከተቀላቀለበት ነፍሳት ይበዛሉ፤ ጫጩቶቹም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድጉት በነፍሳት ነው። እንዲህ ያለውን ሣር እንኳ ዘርቶ መርሳት አይቻልም። በየጥቂት ዓመቱ ካልተቃጠለ ወይም በዲስክ ማረሻ ካልተገላበጠ ተደፍኖ ያረጃል። ለመልክ ሲባል በመታቀፊያ ወራት ማጨድም ጎጆውን ከነእናቱ መጨረስ ነው።

ወፍ ገዝቶ መልቀቅ። በማርቢያ ቤት ያደገ ወፍ ከቀበሮና ከጭልፊት ማምለጥ አልተማረም። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ገንዘቡ ለሣር ዘር ቢውል ይሻላል።

አዳኝ ቢጠፋ ወፉ ይተርፋል ማለት። በአሜሪካ በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ግብር ይከፈላል፤ ገንዘቡም በ1937 በወጣ ሕግ መሠረት ለግዛቶች የዱር እንስሳት ሥራ ይከፋፈላል። የግዛቱ ድርሻ ሲሰላ የአደን ፈቃድ ያወጡ ሰዎች ቁጥር ይቆጠራል። ግዛቱም ከራሱ አንድ ዶላር ሲያዋጣ ከግብሩ ሦስት ያገኛል፤ ያን መዋጮ በአብዛኛው የሚሸፍነው የፈቃድ ክፍያ ነው። አዳኝ በቀነሰ ቁጥር ሣር የሚተክለው፣ ወፍ የሚቆጥረው በጀት አብሮ ይቀንሳል። አደን የማይወዱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፣ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው።

መንግሥት ኪራይ ስለከፈለ መሬቱ የሕዝብ ነው ብሎ መግባት። በደቡብ ዳኮታዋ ከተማ ሱ ፎልስ ወይም በሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ዙሪያ አደን ለሚጀምር ወገን ይህ በተለይ ይጠቅማል። የሲአርፒ መሬት የግል ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መግባት ያስከስሳል። ለአዳኝ የተከፈተ መሬት በግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ ይታያል። ካርታው ላይ ከሌለ የባለቤቱን በር ማንኳኳት ነው፤ ያውም አደኑ ከመከፈቱ ሳምንታት በፊት።