የተቀበረ ፋይበር ኬብልን የአጥር ጠባቂ ለማድረግ

ፋይበር ኦፕቲክ ኬብል (ፋይበር የሚባል፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር የያዘ ኬብል) በሙሉ ርዝመቱ ንዝረትንና ሙቀትን ሊለካ የሚችለው፣ ከአንድ ጫፉ የተላከው የሌዘር ምት በመንገዱ ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ እየተበተነ ወደ መነሻው ስለሚመለስ ነው። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ምላሹ በ10 ናኖ ሰከንድ በዘገየ ቁጥር የመጣበት ቦታ 1 ሜትር ያህል ይርቃል።

ለንዝረት የሬይሊ ብትነትን (የሞገድ ርዝመቱ ሳይቀየር የሚመለሰውን ብርሃን) የሚያነብ መሣሪያና ሲንግል ሞድ (ብርሃን በአንድ መንገድ ብቻ የሚያልፍበት) ፋይበር ያስፈልጋል፤ በራማን ብትነት (የሞገድ ርዝመቱ ተቀይሮ በሚመለሰው ብርሃን) ሙቀትን የሚለካው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ መልቲ ሞድ (ብርሃን በብዙ መንገድ የሚያልፍበት) ፋይበር ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱንም የፋይበር ዓይነቶች የያዘ ኬብል መግዛት ዳግም ከመቆፈር ያድናል።

ኬብሉ በአጥሩ ውስጠኛ ጎን ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ቦይ ይቀበርና አፈሩ በሚገባ ይጠቀጠቃል። በፕላስቲክ ቱቦ ማሳለፍ ለጥገና ቢመችም፣ ኬብሉ በውስጡ ልል ሆኖ ስለሚቀመጥ የኮቴ ንዝረት በደንብ አይደርሰውም፤ እኔ በበኩሌ በቀጥታ መቅበርን እመርጣለሁ። ወደ ንዝረት መሣሪያው የሚገባው ኮኔክተር (ማገናኛ) ጫፉ በሰያፍ የተሞረደው አረንጓዴው ይሁን፤ ቀጥ ብሎ የተሞረደው ብዙ ነጸብራቅ ስለሚመልስ ንባቡን ያበላሻል።

ብዙዎች የሚቸኩሉበት፣ ነገር ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ካርታው ነው። መሣሪያው «3,412ኛው ሜትር» ይላል እንጂ «ከምሥራቁ በር አጠገብ» አይልም፤ በመስመሩ ላይ ባሉት ባለ ክዳን የጥገና ጉድጓዶች ትርፍ ኬብል ስለሚጠቀለልና ፋይበሩም ከኬብሉ ትንሽ ስለሚረዝም፣ በመሬት ላይ በሜትር የተለካው ከስክሪኑ ጋር አይገጥምም። መፍትሔው አንድ ሰው በየ25 ሜትሩ እየቆመ መሬቱን በመዶሻ አምስት ጊዜ እንዲመታ፣ ሌላው ደግሞ ስክሪኑ ላይ የታየውን ሜትር ከጂፒኤስ ነጥቡ ጋር እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። 20 ሜትር የተጠቀለለበት ጉድጓድ ክዳን ሲመታ፣ ጥቅሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ወፍራም ጭረት ይታያል።

ለሙቀቱ፣ ከፋይበሩ 20 ሜትር ያህሉን ጠቅልሎ የተፈጨ በረዶና ውሃ ባለበት ባልዲ መንከርና ንባቡን በ0 ዲግሪ ማስተካከል ይበቃል። ውሃው ካልተማሰለ ግን 4 ዲግሪ የደረሰው፣ ከሌላው ስለሚከብድ፣ ወደ ታች ይወርድና ያሳስታል።

ማንቂያው ከመከፈቱ በፊት የአንድ ሳምንት የተለመደ እንቅስቃሴ ይቀዳ። ዝናብ መስመሩን በሙሉ ያንቀጠቅጣል፤ በአጥሩ ጥግ የሚሄድ እግረኛ በስክሪኑ ላይ ሰያፍ መስመር ይሠራል፤ ቆፋሪ ግን ከቦታው ሳይነቃነቅ ደጋግሞ ይመታል፣ ማንቂያው መጀመሪያ ሊለየው የሚገባውም ይህን ነው።