ስልኬ ሦስት ቀን ጭጭ ብሎብኝ፣ እንዴት እንዳስተካከልኩት

መልእክት ይገባል፣ ግን ቴሌግራምን ካልከፈትኩት ድምፅም የለው፣ ምልክትም የለው። ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ በድምፅ መልእክት ስትጠራኝ ከርማ በመጨረሻ ደወለች። «ልጄ፣ ደሴ ወጥተሽ ረሳሽኝ እንዴ?» አፈርኩ።

መጀመሪያ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። ፓኬጅ ገዛሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቅኩት፤ ወይ ፍንክች! ቀጥሎ ሴቲንግ ገብቼ ኖቲፊኬሽኑን አየሁ፣ በርቷል። (ከአንድሮይድ 13 ወዲህ አዲስ አፕ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያኔ ሳታነቡ ከልክላችሁት ከሆነ የሚስተካከለው እዚሁ ጋ ነው።)

ጉዱ የተገኘው ባትሪ ውስጥ ነው። ለካ ባለፈው ሐይቅ ስንሄድ ቻርጅ እንዳያልቅብኝ ብዬ ባትሪ የሚበላውን አፕ ሁሉ «ሪስትሪክትድ» ሳደርግ ቴሌግራምንም አብሬ ቆልፌዋለሁ። እንዲህ የተደረገ አፕ እናንተ ካልከፈታችሁት ከጀርባ እንደ ልቡ መሥራት አይችልም፣ ስለዚህ መልእክቱ የሚታየው ስትገቡበት ብቻ ይሆናል። ስልኩን ስረግም የከረምኩት በራሴ ጥፋት ነው!

ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ቴሌግራም፣ ባትሪ፣ ከዚያ «አንሪስትሪክትድ»። በቃ። ስሙና ቦታው ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። ዳታ ሴቨር የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያም ውስጥ ለቴሌግራም ፍቀዱለት።

ወንድሜን «እስቲ አንድ ነገር ላክልኝ» አልኩት። ስክሪኑ ጠፍቶ እያለ ጢን አለ። የሰፈር ግሩፑ ግን አሁንም ዝም ነው፤ እሱን ሆን ብዬ ነው።